የአዘዞ አውሮፕላኖች በድሮ ፎቶ፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁን

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የድሮ ፎቶ እንሰበስባለን። ስንጀምር ያገኘነውን ሁሉ ነበር፤ ሠርግ፣ ጥምቀት፣ የትምህርት ቤት ሰልፍ። ከዚያ አንድ ሰው የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ የአውሮፕላን ፎቶ ይዞ መጣ። ወሬው ተሰማ። ሌላውም የራሱን ቆርቆሮ ይዞ መጣ። አሁን ሰው የሚያውቀን "የአውሮፕላን ፎቶ ያላቸው ልጆች" በሚል ነው፤ ምንም እንኳ ከመካከላችን ልጅ የሚባል ባይኖርም።

አንድ ዓይነት ጥያቄ በየሳምንቱ ስለምንመልስ እዚህ እንጻፈው አልን። ዓመቶቹን የምንጽፈው በእኛው አቆጣጠር ነው። የፈረንጁ ከሆነ "እ.ኤ.አ." እንላለን። ይቺ ነገር ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ከታች እንደምታዩት ብዙ ጣጣ ያመጣችብን እሷ ናት።

ያላችሁ ምን ዓይነት ፎቶ ነው?

በብዛት የሰው ፎቶ ነው። አውሮፕላኑ ከጀርባ ነው ያለው። ሙሽራ፣ ወታደር፣ ነርስ፣ ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ልጅ፣ ከመሰላሉ ሥር ቆሞ "እዚህ ጋ አንዴ አንሱኝ" ያለ ሰው። ከእነዚህ ሌላ ከጣሊያን ዘመን የተረፉ ጥቂት አሉ። የመጨረሻዎቹ ደግሞ ከሰማይ ላይ ከተማዋን ቁልቁል የሚያሳዩ ቅጂዎች ናቸው።

ጎንደር እኮ ግንብ ያላት ከተማ ናት፤ ምን ነካችሁና አውሮፕላን?

ግንቡንማ ሁሉም ያነሳዋል። ደግሞ ግንቡ የትም አይሄድም።

አዘዞ ሌላ ነበር። ማረፊያው ከከተማው ወደ 18 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ዛሬ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ይባላል፤ ሰው ግን አሁንም አዘዞ ነው የሚለው። ያን ጊዜ አንድ ሰው ሊበር ሲል ዘመድ በሙሉ ተጭኖ ይሸኘዋል። ነጠላ ይታጠባል፣ ጫማ ይወለወላል፣ ካሜራ ያለው ጎረቤት ይለመናል። በሕይወቱ ሁለት ፎቶ ብቻ ያለው ሰው አንዱ የመታወቂያ ጉርድ ነው፣ ሁለተኛው አዘዞ ላይ የተነሳው። ለዚህ ነው የአውሮፕላን ፎቶ የምንሰበስበው። ስለ ሞተር የምናውቀው ነገር በኋላ የመጣ ነው።

የአያቴ ፎቶ ላይ አንድ አፍንጫው ወደ ላይ የተቀሰረ አውሮፕላን አለ። ምንድን ነው?

ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነው፤ ዲሲ-3 ወይም ወታደራዊ ወንድሙ ሲ-47።

ምልክቶቹ ቀላል ናቸው። ክንፉ ከሆዱ በታች በኩል ነው። ግራና ቀኝ አንዳንድ ሞተር አለው። ከፊት ሁለት ትልልቅ ጎማ፣ ከኋላ ጅራቱ ሥር አንዲት ትንሽ ጎማ። በዚች ትንሽ ጎማ ምክንያት ቆሞ ሳለ ጅራቱ መሬት ሊነካ ይደርሳል፣ አፍንጫው ደግሞ ሰማይ ያያል። ተሳፋሪ ከኋላ ባለው በር ይገባና ዳገት እንደሚወጣ ሆኖ ነው ወደ ወንበሩ የሚሄደው። አንዲት እናት "ከመነሳታችን በፊት ደብረ ብርሃን ሥላሴ የወጣሁ ያህል ደከመኝ" ብለውናል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታሪክም በዚሁ አውሮፕላን ነው የሚጀምረው። ድርጅቱ በታኅሣሥ 1938 ተቋቋመ፤ የአሜሪካው አየር መንገድ ቲደብሊውኤ አጋዥ ነበር። ከአሜሪካ ጦር ትርፍ የተገዙ 5 ሲ-47ዎች ይዞ ጀመረና የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ሲ-47 ለጦር ዕቃ የተሠራ ስለሆነ መቀመጫው በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ የተዘረጋ አግዳሚ ነው። ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል፣ መሃል ላይ ጭነት ይከመራል። በሩም ሰፊ ባለ ሁለት መዝጊያ ነው። ፎቷችሁ ላይ በግራ ጎኑ በኩል ሰፊ በር ከታየ ሲ-47 ሆኖ የተወለደ ነው ማለት ነው። በኋላ ወንበር ተገጥሞለት ዲሲ-3 ተብሎ ሲጠራ ቢኖርም ማለት ነው።

ይኸው አውሮፕላን በአገር ውስጥ መስመር ለአሥርት ዓመታት ሠርቷል። ቱሪስት የሚያመላልሰው ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም የሚባለው ታሪካዊ መስመር በእሱ ነው ስም ያወጣው። ሳር ላይም ጠጠር ላይም ያርፋል። አብዛኛው ጄት ይህን አይችልም።

አፍንጫው የማይቀሰር፣ ክንፉ ከሰውነቱ በላይ የሆነ ከሆነ ግን የኋላ ዘመን ነው። ትንሽዬና ጎማው ሁልጊዜ ተዘርግቶ የሚታይ ከሆነ ትዊን ኦተር። ከዚያ ከፍ ያለ ከሆነ ኤቲአር-42፣ ፎከር 50 ወይም ኪው-400 ነው። ፎከር 50 እና ኪው-400 ከተምታቱባችሁ ጅራቱን እዩት፤ ኪው-400 አግዳሚው ከጫፍ ላይ ተጋድሞ እንደ "ቲ" ፊደል ነው፣ የፎከሩ ከታች ነው። ኪው-400 ከ2002 ወዲህ የመጣ ስለሆነ በእሱ ፊት የተነሳች ሴት "አያቴ" ከተባለች እኛም አርጅተናል ማለት ነው።

ፎቶው መቼ እንደተነሳ እንዴት ታውቃላችሁ?

ይቺን ዘርዘር እናድርጋት፤ የምንወደው ክፍል እሷ ስለሆነች።

መጀመሪያ ፎቶውን እንገለብጠዋለን። ጀርባው ከፊቱ ይበልጣል። የፎቶ ቤት ማኅተም፣ የወረቀቱ ስም፣ "ለማስታወሻ ይሁን" የሚል ጽሑፍ፣ አንዳንዴ ቀን። ከዚያ ጠርዙን እናያለን። ነጭ ኅዳግ ኖሮት ዳሩ እንደ ጥልፍ የተሸረፈ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ነው። ባለ ቀለም ሆኖ ሁሉ ነገር ወደ ቀይ ካደላ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የታተመ ሊሆን ይችላል፤ የዚያን ዘመን ወረቀት ሰማያዊውና አረንጓዴው ቀድሞ ስለሚጠፋ ቀዩ ብቻውን ይቀራል። "ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የተነሳሁት" የሚሉን ሰዎች አሉ። ኧረ እኩለ ቀን ነው፤ ጥላውን እዩት፣ ከእግራችሁ ሥር ነው።

ቀጥሎ አውሮፕላኑ ላይ የተጻፈው። የአገራችን ሲቪል አውሮፕላኖች ምልክት በፈረንጅ ፊደል "ኢ.ቲ" ብሎ ይጀምራል። በድሮው አጻጻፍ ከእሱ ቀጥሎ ሌላ "ቲ" እና ቁጥር ይመጣ ነበር። በእ.ኤ.አ. 1960 ገደማ ግን ቁጥሩ ቀርቶ በ"ኤ" የሚጀምሩ ሦስት ፊደሎች ሆኑ። የድርጅቱም ስም እንዲሁ። መጀመሪያ "ኤር" እና "ላይንስ" ለየብቻ ይጻፉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስሙ ሲለወጥ አንድ ቃል ሆኑ። ክፍተቷ ከታየች ፎቶው የቆየ ነው። ያው ቀለም ቅቡ በአንድ ሌሊት አልተቀየረምና ጥቂት ዓመት ወዲያና ወዲህ በሉት።

አሁን ወደ ጣጣችን። አንድ ቤተሰብ ፎቶ አመጣልን። ዲሲ-3 ነው። አንዲት ወጣት ሴት ከክንፉ ጥላ ወጣ ብላ ቆማለች፤ ዣንጥላ ይዛለች ግን አልዘረጋችውም፣ እንደ ምርኩዝ ተደግፋዋለች። ከጀርባው በሰማያዊ ቀለም "አዘዞ 58" ይላል። ሌላ የለም። ልጅየው "እናታችን 1958 በፈረንጅ ነው የምትለው፣ የውጭ አስተማሪዎች ጋ ትሠራ ስለነበር" አለ። እህቱ "የለም፣ በእኛው ነው፤ እኔ ተወልጄ ነበር" አለች። ስምንት ዓመት ገደማ ልዩነት አለው። ሊጣሉ ደረሱ። ፎቶውን ስካን አድርገን ጅራቱን ስናጎላው "ኢ.ቲ" ካለ በኋላ "ኤ" አለ። ሁለተኛዋ "ቲ" የለችም። እህትየው አሸነፈች። ልጅየው እስካሁን "ፊደሉን አስተካክላችሁ አንብቡት" ይለናል።

ቀን ከሌለ፣ ምልክቱም ካልታየ፣ ልብሱንና ዙሪያውን እናያለን። አንድ ቀን በወጣትነታቸው ማረፊያው ላይ ጫኝ የነበሩ አዛውንት መጡ። እኛ አውሮፕላኑ ላይ አፍጥጠን ሳለ እሳቸው ጣታቸውን ጥግ ላይ አደረጉና "ሚዛኗን አያችኋት?" አሉ። ለወራት ያየነው ፎቶ ነው፤ ሚዛን አላየንም። እውነትም ዳር ላይ አንድ የቆመ የብረት ሚዛን አለ። ያኔ ሻንጣው ብቻ አልነበረም፣ ተሳፋሪውም ይመዘን ነበር አሉን። ምክንያቱ ገባን። አዘዞ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ትንሽ አውሮፕላን ላይ አንድ ኩንታል እህልና አንድ ወፍራም ነጋዴ ልዩነት ያመጣሉ። "ሴቶቹ ኪሏቸው ጮክ ተብሎ ሲጠራ ያፍሩ ነበር" አሉና ሳቁ። ይህን የትኛውም የአውሮፕላን መጽሐፍ አይነግራችሁም።

ጅራቱ ላይ ነጭ መስቀል ያለበት ፎቶ አለን። የቀይ መስቀል ነው አይደል?

አይደለም። ይቅርታ። የቀይ መስቀል አውሮፕላን ቢሆን በነጭ መደብ ላይ ጠቆር ያለ መስቀል ነበር የሚታየው። በጠቆረ ጅራት ላይ ነጭ መስቀል ካያችሁ የጣሊያን አየር ኃይል ነው። መስቀሉ የንጉሣዊ ቤተሰባቸው የሳቮይ ምልክት ሲሆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጅራት ላይ ይቀቡት ነበር። ክንፉ ላይ ክብ ውስጥ ሦስት የታሰሩ ችቦ መሳይ ነገሮች ካሉ የፋሺስቶቹ አርማ ነው፤ ጥርጥር የለውም። በ1928ቱ ወረራ ጊዜ ግን ጅራቱ ላይ የነበረው አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ቀይ ባንዲራቸው ነው። ስለዚህ ነጭ መስቀል ማለት ከ1932 በኋላ ማለት ነው።

በጣሊያናዊው ስታራቼ የሚመራው ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ነው። ከዚያ በኋላ ከተማዋን የአማራ ግዛታቸው ዋና መቀመጫ አደረጓት፤ አዘዞም የአውሮፕላን ሜዳ ሆነ። በመጨረሻም በምሥራቅ አፍሪካ እጃቸውን የሰጡት እዚሁ ነው። የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ህዳር 18 ቀን 1934 ተማረከ። ከዚያ ቀደም ብሎ ቁልቋል በር ላይ የነበረው ውጊያ ከባድ ነበር፤ አርበኞቻችንም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተሰልፈው ነበር።

በዚያ ዓመት ጥቅምት 14 ቀን አንድ ባለ ድርብ ክንፍ የጣሊያን ተዋጊ አውሮፕላን፣ ፊያት ሲአር.42፣ ተነሳ። በደባትና በአዲ አርቃይ የነበሩትን የእንግሊዝ ሜዳዎች ሊመታ ነበር። ሆፕ የሚባል የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል አብራሪ ከደባት ግላዲያተር በሚባል ተዋጊ አውሮፕላን ተነስቶ አባረረው፤ ከቅርብ ተኩሶ አምባዞ አጠገብ ጣለው። በምሥራቅ አፍሪካ ሰማይ ላይ ተመቶ የወደቀ የመጨረሻው የጣሊያን አውሮፕላን ይኸው ነው። አብራሪው ሞተ። በማግሥቱ ሆፕ በጣሊያኖቹ ምሽግ ላይ ወረቀት ጣለ፤ ለፊያቱ አብራሪ ክብር ይሁን፣ ደፋር ሰው ነበር የሚል።

ይህን ታሪክ ስንናገር ሰው ደስ ይለዋል። እኛም ሳንወደው አይደለም። ግን በወረራው ጊዜ ከጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብና መርዝ ጋዝ የወረደባቸው ገበሬዎች አሉ፤ ስማቸውን ጽፎ ከሰማይ የጣለላቸው የለም። የጣሊያን ዘመን ፎቶ ይዛችሁ ስትመጡ "ቆንጆ አውሮፕላን" ከማለታችን በፊት ትንሽ ዝም ካልን ለዚህ ነው።

ከሰማይ የተነሳው ፎቶ ላይ ቤታችንን ማግኘት ይቻላል?

አንዳንዴ። መጀመሪያ ግን ሁለት ነገር አትቀላቅሉ። የአውሮፕላን ፎቶና ከአውሮፕላን የተነሳ ፎቶ የተለያዩ ናቸው። ግማሹ ጠያቂ አንዱን ፈልጎ ሌላውን ይጠይቀናል።

ጣሊያኖች ካርታ ለመሥራት አገሩን ከአየር ላይ አንስተውት ነበር። ከዚያ የተረፈው በእንጨት መሳይ ጠንካራ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ከ8,000 በላይ ስብስብ አዲስ አበባ በቀድሞው የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ተገኝቷል። እያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አንድ ቀጥታ ቁልቁል የተነሳ፣ ከግራና ከቀኙ ደግሞ ዘመም ብለው የተነሱ ፎቶዎች አሉበት። ዛሬ ተመራማሪዎች ደን የት እንደነበረ፣ ገደል የት እንደተቦረቦረ ለማየት ይጠቀሙበታል። ሌላው ስዊዘርላንዳዊው አብራሪ ዋልተር ሚተልሆልዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ለንጉሠ ነገሥቱ አንድ ፎከር አውሮፕላን ሊያስረክብ መጥቶ በመንገዱ ብዙ አነሳ። ፎቶዎቹ ዙሪክ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ በኢንተርኔት በነፃ ይታያሉ።

ቤታችሁን ስትፈልጉ ከቤታችሁ አትጀምሩ። ከፋሲል ግንብ ጀምሩ። ከዚያ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ክብ አጥር ፈልጉ፤ 12ቱ ማማዎች ከላይ ሲታዩ እንደ ዶቃ ናቸው። ከዚያ የፋሲል መዋኛ፤ ባለ አራት ማዕዘን ጥቁር ነጥብ። በእነዚህ ሦስት መሃል መስመር አስምራችሁ ወደ ሰፈራችሁ ውረዱ። ዓመቱን ለመገመት ደግሞ ፒያሳን ተመልከቱ። ፖስታ ቤቱና ሲኒማው አካባቢ ያሉት የጣሊያን ሕንፃዎች ከሌሉ ፎቶው ከነሱ በፊት ነው። ግቢው ውስጥ የኢያሱን ግንብም እዩት። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶት ነበር፣ በ1933 እና 34ቱ ውጊያ ደግሞ የእንግሊዝ ቦምብ ጨመረበት።

"ፀሐይ" የተባለችው አውሮፕላን ጎንደር መጥታ ታውቃለች?

ፀሐይ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ሉድቪግ ቬበር የሚባል ጀርመናዊ አብራሪና መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በ1928 አካባቢ ሠራት፤ ስሟም የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዕልት ፀሐይ ነው። ጣሊያኖች ወሰዷት። ጥር 2016 ላይ ተመለሰች። የእሷን ፎቶ ያመጣልን ሰው እስካሁን የለም፤ ያመጡልን ሁሉ ሌላ ባለ አንድ ሞተር ሆነው ተገኝተዋል።

የቤተ እስራኤል ሰዎች ከአዘዞ ሲሳፈሩ የሚያሳይ ፎቶ አለ?

ይህን የሚጠይቁን ብዙውን ጊዜ ከእስራኤል ለጉብኝት የሚመጡ የወለቃና የአምቦበር ልጆች ናቸው። "አባቴ ከጎንደር ነው የበረርነው አለኝ" ይላሉ። አባት አልዋሸም፣ ግን ታሪኩ ታጥፏል። ዘመቻ ሰሎሞን የተባለው ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 የተነሳው ከአዲስ አበባ ነው። 35 አውሮፕላኖች በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ወሰዱ። ከዚያ በፊት በ1977 የነበረው ዘመቻ ሙሴ ደግሞ ከሱዳን ነበር፤ ሰዎቹ ከዚህ ወጥተው በእግር እዚያ ድረስ ሄደዋል፣ መንገድ ላይ የቀሩትም ብዙ ናቸው። ስለዚህ በዚያን ቀን ከአዘዞ የተነሳ ፎቶ አትፈልጉ። ቤተሰቡ ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ የተነሳው ካለ ግን ያ ወርቅ ነው፣ አሳዩን።

የባሕር ዳሩ አደጋ ፎቶስ?

መስከረም 5 ቀን 1981 ነው የምትሉት። ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሲነሳ የእርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። ተመልሶ ሊያርፍ ሲል ወደቀ። ከ104 ሰው 35ቱ ሞቱ። አንድ ሰው የስብርባሪውን ፎቶ ሰጥቶናል። አናሳይም። የሟች ቤተሰብ ጎንደርም ባሕር ዳርም አለ።

አባቴ የደርግ ጊዜ ወታደር ነበር፤ ከሚግ ወይም ከሄሊኮፕተር ጋር የተነሳው አለ። ላምጣው?

አምጡት። ሰውየው በሕይወት ካለ ግን መጀመሪያ እሱን ጠይቁት። "እሺ" ካላለ አንቀበልም። ዛሬ ሄዳችሁ ማረፊያውን ማንሳት ከፈለጋችሁም ፈቃድ ጠይቁ፤ ስልክ ተቀምታችሁ እኛ ጋ አትምጡ።

ቤት ውስጥ እንዴት ላስቀምጠው?

ከእኛ ስህተት ተማሩ። ስንጀምር እኔ ራሴ በእስኪርቢቶ ጀርባው ላይ ቁጥር እጽፍ ነበር። ክረምት መጣ። ክፍላችን ረጠበች። ቀለሙ ከላይ በተደረበው ፎቶ ፊት ላይ ታተመ። አንዲት ሙሽራ ግንባሯ ላይ "47" ይዛ ቀረች። አሁን ለስላሳ እርሳስ ነው የምንጠቀመው፣ እሱንም ዳር ላይ፣ ሳንጫን።

ሌላው ጠላት ላሚኔሽን ነው። እባካችሁ። ፎቶው ሞቆ ከፕላስቲኩ ጋር ከተጣበቀ በኋላ የሚያላቅቀው የለም። ገጹ የሚያጣብቅ፣ ላዩ ላይ ላስቲክ የሚሸፈንበት አልበምም እንደዚያው ነው፤ ዓመታት ሲያልፉ ሙጫው ቢጫ ይሆንና ወረቀቱን ይበላዋል። እዚያ ውስጥ ያለ ፎቶ ካላችሁ በጉልበት አትገንጥሉት። እንዳለ አምጡት፣ እዚያው ላይ እናነሳዋለን። ስኮችም አትለጥፉ። የተቀደደ ፎቶ ሁለት ቁራጭ ሆኖ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ደረቅ ቦታ፣ ጨለማ፣ ንጹሕ የወረቀት ፖስታ። ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከወለል ከፍ ብሎ። ምድጃ አጠገብ አይሁን፤ ጢሱም ሙቀቱም ይገባዋል። ግድግዳ ላይ መስቀል ካማራችሁ ቅጂውን ስቀሉ፣ ዋናውን አስቀምጡ። ስትይዙት ከዳሩ ያዙ፤ የእንጀራ እጅ ሳትታጠቡ አይሆንም። ጥቁርና ነጩ ፎቶ ጨለም ያለው ቦታ ላይ እንደ መስታወት ካበራ ብሩ ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ በጨርቅ አትጥረጉት።

ኔጌቲቭ ካላችሁ አሽትቱት። ሆምጣጤ ሆምጣጤ ካለ እየተበላሸ ነው፣ ከሌሎቹ ለዩትና ቶሎ አምጡት። በጣም የቆየ የጣሊያን ጊዜ ኔጌቲቭ ደግሞ በቀላሉ የሚነድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ከሻማ አርቁት።

በስልክ አንስቼ በቴሌግራም ብልክ አይሆንም?

ይሆናል፣ ግን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ቴሌግራሙ ይጨምቀዋል፤ የጅራቱ ፊደል ጭጋግ ይሆንብናል። መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳያርፍበት፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ አንሱ። ስልኩ ከፎቶው ጋር ትይዩ ይሁን። ጀርባውንም አንሱት፤ ባዶ ነው ብላችሁ አትተዉት።

ብትመጡ ግን ይመረጣል። እኛ ትንሿን ፎቶ በ1,200 ዲፒአይ፣ ትልቋን በ600 ስካን አድርገን በቲፍ እናስቀምጣለን። ቡና እስኪፈላ ያልቃል። ዋናውን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፣ አናስቀረውም። ገንዘብ አንጠይቅም፣ አንሰጥምም። አንድ ጎረምሳ "ቪንቴጅ ነው ስንት ትገዙኛላችሁ?" ብሎን ነበር። አያቱን ነው ሊሸጥልን የፈለገው።

በኤአይ ቀለም ቀብቼው ቆንጆ ሆነ። እሱን ልላክ?

ለግድግዳችሁ ይሁን። እኛ ዋናውን እንፈልጋለን። ማሽኑ ቀለሙን አያውቅም፣ ይገምታል። የአየር መንገዱን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሰማያዊ ቀብቶት አይተናል። የባሰው ደግሞ "ጥራት ልጨምር" ሲል ነው፤ ያልተነበበውን ፊደል ከራሱ ይፈጥራል። አንድ ሰው የላከልን ዲሲ-3 ጅራቱ ላይ በየትኛውም ቋንቋ የሌለ ፊደል ነበረው። ሁለት ቀን ስንፈልገው ውለናል።

ከእናንተ ገጽ ላይ ወስጄ ብጠቀምበት ክስ አለው?

በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የፎቶግራፍ ሥራ ጥበቃ የሚቆየው ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ ጊዜያቸው አልፏል። ሕጉ ይህን ይላል። እኛ ደግሞ እንዲህ እንላለን፤ ፎቶው ላይ ያለችው ሴት የሰው እናት ናት፣ ለማስታወቂያ ከመለጠፋችሁ በፊት ደውሉልን፤ ቤተሰቡን እንጠይቃለን።

መግለጫችሁ ላይ ስህተት አገኘሁ። ብናገር ትቀየማላችሁ?

ምን በወጣን! አንዱን ፎቶ "አዘዞ፣ የተሳፋሪዎች ሽኝት" ብለን ለጥፈነው ለአንድ ዓመት ያህል ቆየ። አንዲት እማማ ከቅዳሜ ገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን እንደያዙ ገቡና አዩት። "ሽኝት አይደለም" አሉ። "እንዴት አወቁ?" አልናቸው። "እኔ ነኛ ያቺ። ልሸኝ አይደለም የሄድኩት፣ ወንድሜን ልቀበል ነው። አልመጣም። ፎቶ አንሺው እንዲሁ ከምመለስ ብሎ አነሳኝ።" መግለጫውን አርመነዋል። ወንድማቸው በማግሥቱ በአውቶቡስ መጥቷል።